«ባለቤትሽስ?»

ታናሽ፦ አንዲት ሴት ትዳሯን ፈትታ፣ ልጆቿን ይዛ፣ ጓዟን ጠቅልላ አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ሰፈር ስትገባ ራሷን ለሰው የምታስተዋውቀው ማን ነኝ ብላ ነው? እትዬ፣ እርስዎ እንዲህ ያሉ ሴቶችን በማማከር ሥራ ብዙ ዘመን ስለቆዩ ከዚሁ እንጀምር።

ታላቅ፦ በስሟ ነዋ። በዚህ በኩል አገሩ አቅልሎላታል። ስታገባ ስሟ አልተለወጠም፤ ስትፈታም የምታስመልሰው የለም። በአባቷ ስም ተማረች፣ በአባቷ ስም ተዳረች፣ በዚያው ስም ፈታች። የባል ስም በሚወሰድበት አገር የፈታች ሴት ከባንክ ደብተሯ እስከ መንጃ ፈቃዷ ስም ስታስቀይር ትከርማለች። የእኛዋ ይህ ጣጣ የለባትም። «ወይዘሮ» የሚለውም አብሯት ይቀራል፤ ወደ «ወይዘሪት» የሚመልሳት የለም።

ታናሽ፦ ታዲያ ምኑ ነው የሚያስቸግራት?

ታላቅ፦ ሁለተኛው ጥያቄ። ስሟን እንደተናገረች «ባለቤትሽስ?» ይሏታል። ባለቤት ማለት የትዳር ጓደኛም ነው፣ የቤቱ ጌታም ነው። ስለዚህ «አግብተሻል ወይ?» በሚለው ውስጥ «ቤቱ የማን ነው? ችግር ቢመጣ የሚቆምልሽ ማን ነው?» የሚልም ተሸሽጓል። ለዚህ የሚሆን መልስ ደግሞ ቋንቋው በደህና አላዘጋጀላትም።

ታናሽ፦ «ፈት» የሚል ቃል አለ እኮ።

ታላቅ፦ አለ። «ፈት ነኝ» ብላ ስትተዋወቅ የሰማሻት ሴት ግን አለች? ቃሉ ሌላ ሰው ስለ እሷ የሚናገረው ነው፤ ለዚያውም እሷ በሌለችበት። «ጋለሞታ» ደግሞ ዱሮ ባል የሌላትን ሴት የሚጠራ ቃል ነበር፤ ሲወርድ ሲወርድ ስድብ ሆኖ ቀረ። «ላጤ ነኝ» ብትል ልጅ ያላት አይመስልም። ወጣቶቹ «ሲንግል ማዘር» ይላሉ፤ ባዕድ ቃል ስለሆነ ሸክም አልተጫነበትም፤ ግን አዛውንት ጎረቤት ፊት አይሠራም። ቢሮ ስትገባ ደግሞ «እማወራ» ትባላለች።

ታናሽ፦ እማወራ ግሩም ቃል ነው። ከአባወራ እኩል ይቆማል።

ታላቅ፦ ግሩም ነው፤ ግን ከመጠይቅና ከቀበሌ ወረቀት ወጥቶ አያውቅም። በ2008 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአራት ቤተሰብ አንዱን የምትመራው ሴት መሆኗን አሳይቷል። ሁሉም የፈቱ አይደሉም፤ ባል የሞተባቸው አሉ፣ ባላቸው ርቆ የሚኖርም አሉ። ይህን ያህል እማወራ ባለበት አገር ቡና ላይ «እማወራ ነኝ» የምትል አንዲት ሴት አትገኝም። የሚሉት «ከልጆቼ ጋር ነኝ» ነው። ከዚህ የተሻለ መልስም እስካሁን አልተገኘም።

ታናሽ፦ እንግዲያው የመጀመሪያው ትውውቅ ቡና ላይ ነው ማለት ነው?

ታላቅ፦ ከቡናው በፊት እርሾ አለ። ከቀድሞው ቤት ስትወጣ ምጣዱን ታወጣለች፣ ፍራሹን ታወጣለች፣ የልጆቹን ልብስ በፌስታል በፌስታል ትቋጥራለች። የሊጥ ዕቃው ግን ወይ ይረሳል፣ ወይ ታጥቦ ባዶውን ይመጣል። አዲሱ ቤት በገባች በሦስተኛው ቀን ዱቄቱን አዘጋጅታ እርሾ ታጣለች። ኩባያ ይዛ የጎረቤት በር ታንኳኳለች፤ «እርሾ ይኖርሻል እህቴ?» ጎረቤቷ የሊጥ ዕቃዋን ከፍታ ላዩ ላይ ያቀረረውን ቢጫ ውሃ ቀድታ ትሰጣታለች። ይህ ሲሆን ስለ ባል የጠየቀ የለም። ሊጡ ኮምጥጦ፣ አብሲት ተጥሎ፣ ምጣዱ ሲሟሽ ከመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ሁለቱን በትኩሱ ለዚያች ጎረቤት ትልካለች። «ነገ ቡና እኔ ጋ ነው» የሚለው የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው።

ታናሽ፦ ቡናው ላይ ጥያቄው መነሣቱ አይቀርም። ያኔስ ምን ትበል?

ታላቅ፦ አጭር ትናገር። «ተለያይተናል፤ ልጆቹ እኔ ጋ ናቸው» ካለች ይበቃል። ሰው ዝምታን ይፈራል፤ በተለይ ከብዙ ጭቅጭቅ የወጣች ሴት የሚሰማት ጆሮ ስታገኝ ሁሉን ትዘረግፈዋለች። አቦሉ ላይ የጀመረችው የአማቷ ነገር ቶናው ላይ ወደ ስድቡና ወደ ገንዘቡ ይሄዳል። በረካው ሳይጠጣ ሰፈሩ ለሁለት ይከፈላል፤ ገሚሱ ባልየውን ሳያየው ይጠላዋል፣ ገሚሱ ደግሞ «ለልጆቹ ስትይ ታረቂ» ብሎ ሽማግሌ ያዘጋጃል።

ታናሽ፦ ሽምግልናውን ይቃወሙታል እንዴ?

ታላቅ፦ ኧረ የለም። ሕጉም ቦታ ሰጥቶታል፤ አንደኛው ወገን ፍቺ ሲጠይቅ ፍርድ ቤቱ ባልና ሚስቱ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲሞክሩ ሊያደርግ ይችላል። ድብደባ በነበረበት ቤት ግን «ታረቂ» የሚለው ምክር ወደ ዱላው ተመለሺ ማለት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለችዋ ሴት መጀመሪያ የምትፈልገው መጠጊያ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርን የመሳሰሉ ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች ከነልጆቻቸው የሚያስጠጉ አሉ።

ታናሽ፦ ለጎረቤት አጭሩን ትናገር ካሉ፣ ረጅሙን ለማን ልትናገረው ነው?

ታላቅ፦ ለመዝገብ። የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ የሚያደርጉት ግልባጩን ነው፤ ለጎረቤት ከሠርጉ ቀን ጀምረው ያወጋሉ፤ በመንግሥት መዝገብ ላይ ግን እንዳገቡ ይቀራሉ።

ታናሽ፦ «ከተለያየን አምስት ዓመታችን» የሚሉት ማለት ነው?

ታላቅ፦ እነሱው። መለያየትና መፋታት በሕግ ፊት ለየቅል ናቸው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚያዩት የቤተ ዘመድ ዳኞች ነበሩ፤ ባልም የቤተሰቡ አለቃ ተብሎ ተጽፎ ነበር። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ሁለቱንም ቀየረ፤ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ፣ ፍቺን መወሰንንም ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጠ። ሕጉ እንዲሻሻል ከወተወቱት አንዱ በ1987 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው፤ ለጠበቃ የሚከፍሉት የሌላቸውን ሴቶችም በነፃ ሲያማክር ኖሯል። አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መሆኑን ግን አትርሺ፤ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው።

ታናሽ፦ ፍርድ ቤት ስትሄድ መንገዱ ስንት ነው?

ታላቅ፦ ሁለት ነው፤ ወይ ተስማምተው በጋራ ያመለክታሉ፣ ወይ አንዳቸው ለብቻ ያመለክታሉ። በሁለቱም ፍርድ ቤቱ ደጋግመው እንዲያስቡበት ከሦስት ወር ያልበለጠ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ውሳኔው ሲወጣ ነገሩ ያለቀ ይመስላታል። አላለቀም። የውሳኔውን ግልባጭ ይዛ ፍቺውን በወሳኝ ኩነት መዝገብ ማስመዝገብ አለባት፤ የጊዜ ገደቡ 30 ቀን ነው።

ታናሽ፦ ባታስመዘግብስ?

ታላቅ፦ ችግሩ የሚገለጥላት ቆይቶ ነው። ብድር ልትጠይቅ ወይም በስሟ ያለ ቤት ልትሸጥ ስትል «የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ አምጪ» ትባላለች። መዝገቡ ያገባች ስለሚላት የባል ፊርማ ይፈለጋል፤ ያ ባል ያኔ የት እንዳለ ላይታወቅ ይችላል። ቅጹ ላይ «ያላገባች፣ ያገባች፣ የፈታች፣ ባሏ የሞተባት» ተብሎ ተደርድሯል፤ ሦስተኛው ላይ ምልክት ማድረግ የሚያሳፍራት ሴት አለች። ቅጽ ግን ሰው አያማም።

ታናሽ፦ ንብረቱስ? «ቤቱ በስሙ ነው» ብላ ልጅና ሳህን ይዛ የወጣች ብዙ ናት።

ታላቅ፦ በስሙ መሆኑ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። በትዳር ውስጥ የተፈራ ሀብት የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው፤ በአንዳቸው ስም ብቻ ቢመዘገብም እንኳ። በፍቺ ጊዜ እኩል ይካፈሉታል፤ የጋራ ዕዳ ካለም አብሮ ይሰላል። የግል የሚባለው ከጋብቻው በፊት የነበረው፣ ወይም ለአንዳቸው ብቻ በውርስ ወይም በስጦታ የመጣው ነው። ውጭ ወጥታ ያልሠራች፣ ቤት ውስጥ ልጅ ስታሳድግ የኖረች ሴትም ድርሻዋ ያው ግማሹ ነው።

ታናሽ፦ ሳይፈራረሙ እንደ ባልና ሚስት የኖሩትስ?

ታላቅ፦ አብረው ቢያንስ ሦስት ዓመት ከኖሩ በዚያ ጊዜ ያፈሩት የጋራ ይሆናል። ከሦስት ዓመት በታች ከሆነ ግን ይህ መብት የለም፤ ብዙ ሴት የምትጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ታናሽ፦ ልጆቹ ለእናት ይሰጣሉ መቼም።

ታላቅ፦ እንደዚያ ተብሎ አልተጻፈም። የ1952ቱ ሕግ ከባድ ምክንያት ከሌለ ልጅ አምስት ዓመት እስኪሞላው እናቱ ዘንድ ይቆይ ይል ነበር። አሁን ዳኛው የሚያየው የሁለቱን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ እንዲሁም የልጁን ዕድሜና ጥቅም ነው። ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ሌላኛው ወላጅ መቼ እንደሚያየው፣ ስለ ትምህርቱና ስለ ቀለቡ በዚያው ውሳኔ ይጻፋል። አንድ ቃል ደግሞ ያሳስታል። በሰፈር «ሞግዚት» ማለት ልጅ የምትይዝ ሠራተኛ ናት፤ በሕግ ግን ሞግዚት የልጁን ንብረት የሚያስተዳድር፣ አሳዳሪ ደግሞ ልጁን ራሱን የሚጠብቅ ነው። ችሎት ፊት «ሞግዚት ነሽ ወይ?» ስትባል «አይ፣ እናቱ ነኝ» ብላ ብትመልስ አይፈረድባትም።

ታናሽ፦ ቀለቡ ስንት ነው?

ታላቅ፦ የተቆረጠ ሒሳብ የለውም፤ የልጁ ፍላጎትና የከፋዩ አቅም ይመዘናል። ደመወዝተኛ ከሆነ ከመሥሪያ ቤቱ እየተቆረጠ እንዲደርሳት ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ትችላለች። ነጋዴ ከሆነ ገቢውን ማሳየቱ ራሱን የቻለ ሙግት ነው። ቀለብ መከልከል በ1996ቱ የወንጀል ሕግም ያስጠይቃል። ቀለቡ የልጁ መሆኑን ግን ሁለቱም ይዘነጉታል፤ እሱ ለእሷ የሚከፍል ይመስለዋል፣ እሷም ተናዳ «ገንዘብህን አልፈልግም» ትላለች። የራሷን ገንዘብ መተው ትችላለች፤ ይህኛው ግን የእሷ አይደለም።

ታናሽ፦ ስለ ስም ሲናገሩ የልጁን አላነሡም።

ታላቅ፦ ጥሩ አስታወስሽ። የእናቲቱ ስም ፍቺውን አይናገርም፤ የልጁ ስም ግን አባቱን በየቀኑ ይጠራል። መምህሯ ጠዋት ስም ስትጠራ፣ ካርድ ሲሰጥ፣ ጤና ጣቢያ ተራ ሲደርስ የአባትየው ስም ይነሣል። እናቲቱ አስባበት በማታውቀው ቀን ልጁ «አባትህ የት ነው?» ይባላል። ለዚህ ቤተሰቡ አስቀድሞ የሚያዘጋጃት ውሸት አለች፤ «መስክ ሄዷል»። መስክ የሄደ ሰው ይመለሳል። ልጁ አንድ ወር ይጠብቃል፣ ሁለት ወር ይጠብቃል፤ ሲብስ ለጓደኞቹ አባቱ የሚያመጣለትን ብስክሌት ቀለሙን ሳይቀር ይነግራቸዋል።

ታናሽ፦ እውነቱን እንዴት ብላ ትንገረው?

ታላቅ፦ ለጎረቤት እንደተናገረችው፣ በአጭሩ። «እኔና አባትህ በአንድ ቤት አንኖርም፤ እሱ አባትህ ነው፣ በዚህ ቀን ትገናኛላችሁ።» አባት ጥፋቱን ያጠፋው በእሷ ላይ ነው እንጂ ልጁ አባቱን የሚያይበት ዓይን ሌላ ነው። ትምህርት ቤቱም በግልጽ ይወቀው፤ ልጁን ማን እንደሚወስደው፣ ድንገት ቢታመም ለማን እንደሚደወል ማስጻፍ አለባት። የወላጅ ስብሰባ ላይ ብቻዋን መቀመጧ አያስገርምም፤ ዙሪያዋን ብታይ አብዛኛው ወንበር ላይ ያለችው እናት ናት፣ ባለትዳሯም ጭምር።

ታናሽ፦ «ሴት ያሳደገው» የሚለው ስድብስ?

ታላቅ፦ ያ ስድብ አሮጌ ነው። ባለጌ ልጅ ሲታይ አባቱ ቤት ውስጥ ቢኖርም «ሴት ያሳደገው» ይባላል፤ ጨዋ ልጅ ሲታይ ግን ያሳደገችው ሴት አትጠቀስም። የካሣ ኃይሉ እናት ወይዘሮ አትጠገብ ልጇን ይዛ ጎንደር በችግር ስትኖር ኮሶ ትሸጥ ነበር ተብሎ ይተረካል። ባላንጣዎቹ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ሰድበውታል። ያ ልጅ በ1847 አፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ነገሩ እውነት ሆነም አልሆነ፣ ሊሰድቡት የፈለጉ ሰዎች አባቱን ትተው የእናቱን ጉልት ፍለጋ መሄዳቸውን ልብ በይ።

ታናሽ፦ ወደ ቤት ኪራዩ እንምጣ። ደላላው መጀመሪያ የሚጠይቃት «ስንት ናችሁ?» ብሎ ነው።

ታላቅ፦ አከራይዋ ደግሞ «ባልና ሚስት ነበር የምንፈልገው» ትላለች። ፍርሃቷ ሁለት ነው፤ ኪራዩ ይዘገያል፣ እንግዳ ይበዛል። ወንድሟን ይዛ ሄዳ ባሏ ነው ብላ የምታስተዋውቅ ሴት አለች፤ ከወር በኋላ ይታወቅና ከኪራዩ ይልቅ ውሸቱ ያጣላቸዋል። ይልቅስ ሥራዋን፣ የልጆቿን ቁጥርና የምትከፍልበትን ቀን ብትናገር የአከራይዋ ጥያቄ ይመለስላታል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በእሷ ስም ብቻ የተጻፈ የመጀመሪያው የቤት ወረቀት ብዙ ጊዜ ይህ ውል ነው።

ታናሽ፦ ሥራ ፍለጋ ስትሄድ ልጅ እንዳላት ትናገር?

ታላቅ፦ ስትጠየቅ አትዋሽ፤ ሳትጠየቅ ግን ከዚያ አትጀምር። ከተቀጠረች በኋላ የጋብቻ ሁኔታዋና የቤተሰብ ኃላፊነቷ ለስንብት ምክንያት ሊሆን እንደማይችል የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 26 ይናገራል። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነች መሥሪያ ቤቷ የሕፃናት ማቆያ ካለው ትጠይቅ። ቅጥር ያላገኘችዋ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፣ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ ለባልትና ቤት ታስረክባለች፣ የሰው ልብስ ታጥባለች። ለእነዚህ ሥራዎች መነሻው ጥቂት ሺህ ብር ነው፤ ባንክ ግን መያዣ ይላል። በ2005 ሥራ የጀመረው እናት ባንክ መያዣ ለሌላቸው ሴቶች የማስያዣ ፈንድ ያዘጋጀው ለዚህ ነው። ከዚያ በፊት ግን ዕቁብ አለ። ዕቁብ መግባት ቀላል ነው፤ ዕጣው ሲወጣላት ግን ዋስ አምጪ ትባላለች። ባል እያለ ዋሱ እሱ ነበር። አሁን ዋስ የሚሆናት ያቺ እርሾ የሰጠቻት ጎረቤት ልትሆን ትችላለች።

ታናሽ፦ ዕድሩስ?

ታላቅ፦ ዕድሩ ከሁሉም ይቆያል፤ ሰው ጤነኛ ሳለ የዕድር ነገር ትዝ አይለውም። በቀድሞው ሰፈር ዕድርተኛው አብዛኛውን ጊዜ ባልየው ነው፤ እሷ «የአቶ እገሌ ባለቤት» ተብላ ነበር የምትቆጠረው። ስትፈታ ያ ይቋረጣል። አዲሱ ሰፈር ውስጥ መግቢያ ከፍላ በራሷ ስም መመዝገብ አለባት፤ ዕድሩ እንደ ደንቡ ለአዲስ አባል የተወሰነ ወራት ካልሞላ አይከፍልም፤ ስለዚህ ቀድማ መግባቷ ይጠቅማታል። የሴቶች ዕድር ካለ እዚያም ትግባ፤ ድስቱና ሳህኑ የሚገኘው እዚያ ነው።

ታናሽ፦ ዝርዝር ውስጥ ማንን ታስጽፋለች?

ታላቅ፦ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ሲጠይቃት ልጆቿን ታስጽፋለች፣ እናትና አባቷን፣ እንደ ደንቡ እህት ወንድሞቿን። የቀድሞ አማቷ ስም ላይ ስትደርስ ብዕሩ ይቆማል። ፍቺው ካለቀ አማች አይደሉም፤ ዕድሩም አይቀበልላትም። የልጆቹ አያት ግን ናቸው፤ ምናልባትም ሥራ ስትሄድ ልጆቹን የሚጠብቁላት እሳቸው ይሆናሉ። የሞቱ ዕለት ዕድሩ በእሷ ስም ድንኳን አይተክልም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ልጆቹን አስከትላ ለቅሶ መድረሷ ግን አይቀርም።